«ጠፋህ» የሚባባሉበት ገንዳ

«ውኃ አሳስቆ ይወስዳል» እየተባለ ያደገ ሰው በ48 ዓመቱ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ጠርዙን ጨምድዶ መያዝ ነው። ውኃው ደረቱ ላይ ነው፣ እግሩ ወለሉን ረግጧል፣ ጣቶቹ ግን አይላቀቁም። አሠልጣኙ «ፊትህን ንከርና ትንፋሽህን ውኃው ውስጥ አውጣ» ይለዋል። ይነክራል፤ ከማውጣት ይልቅ ይስባል፤ ትን ብሎት እየሳለ፣ ክሎሪኑ በአፍንጫው ገብቶ ዓይኑን እያስነባው ብቅ ይላል። አጠገቡ ያለችው፣ ለእሷ ሁለተኛ ቀኗ የሆነ የሦስት ልጆች እናት ሳቋን ልትይዝ ትሞክራለች፤ ያመልጣታል። እሱም ይስቃል። ስም ሳይለዋወጡ ተዋወቁ ማለት ነው።

ሰው ከ40 ዓመት በኋላ አዲስ ወዳጅ ማፍራት የሚያቅተው ብዙ ጊዜ ጠባዩ ስለከፋ አይደለም፤ ሰዓት ስለሌለው ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ወዳጅነትን በሰዓት ለክተውታል። ተራ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል፤ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ገደማ፤ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። ሥራ ላይ አብሮ የዋሉበት ሰዓት ደግሞ ያን ያህል አይቆጠርም። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቢሮ ውሎ ሲመሽ ለሚገባ ሰው 200 ሰዓት ከየት ይመጣል?

ገንዳው ይህን ስሌት ቀስ እያለ ይሞላዋል። በሳምንት ሦስት ማለዳ፣ ልብስ መቀየሪያውንና ከዋና በኋላ ያለውን ሻይ ጨምሮ አንድ አንድ ሰዓት ቢባል፣ 50ው ሰዓት በአራት ወር ይደርሳል፤ 200ው በአንድ ዓመት ከሩብ። ማንም «ጓደኛ ፍለጋ ወጣሁ» ሳይል።

ነገሩ ግን ግራ ያጋባል። ፊቱን ውኃ ውስጥ የቀበረ ሰው እንዴት ያወራል? ወሬው ያለው ግድግዳው ጋ ነው። ሁለት ወይም አራት ደርሶ መልስ ዋኝቶ፣ ክንዱን ጠርዙ ላይ ጥሎ የሚያለከልክ ሰው ከጎኑ የሚያለከልከውን ማየቱ አይቀርም። «ስንት ሆነ?» ይባባላሉ፤ ትንፋሽ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ያቺ 20 ሰከንድ ለዓይን አፋር ሰው የተሠራች ትመስላለች፦ ጨዋታው ከከበደው መነጽሩን ያወርድና ይሄዳል፤ ማንም አይቀየመውም። መስመር የሚከፈለውም በፍጥነት እንጂ በማዕረግ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊው ዘገምተኛው መስመር ላይ ከጡረተኛዋ ነርስ ኋላ ይዋኛል፤ ደርሶባት እግሯን በጣቱ ነካ ካደረገ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ታሳልፈዋለች።

ከዚያ ያ ጀማሪ አንድ ሳምንት ሳይመጣ ይቀራል። ሲመለስ «ጠፋህ» ይባላል። ማኅበር የጠጣ፣ እድር የገባ ሰው የዚህችን ቃል ክብደት ያውቃል። መቅረቱን ያስተዋለ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ጎልማሶችን ወደ ውኃ የመመለሱን ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ ያደራጁት አሜሪካዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ራንሰም አርተር ናቸው። አዋቂ ሰው «ለጤናህ ነው» ስለተባለ ብቻ አይዋኝም፤ የሚዘጋጅበት ውድድር ቢኖረው ግን ይዋኛል ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1970 ቴክሳስ ውስጥ፣ አማሪሎ ከተማ የመጀመሪያው ብሔራዊ የማስተርስ፣ ማለትም የአዋቂዎች፣ ዋና ውድድር ተካሄደ፤ የመጡት ዋናተኞች 46 ነበሩ። ዛሬ ማስተርስ በብዙ አገሮች አለ፤ ሰዎች የሚወዳደሩት ከእኩዮቻቸው ጋር ሲሆን ምድቡ በየአምስት ዓመቱ ይቀየራል። ስለዚህ ማስተርስ ውስጥ 45 ዓመት መሙላት የምሥራች ነው፤ ትናንት ከ40ዎቹ ጀማሪዎች ጋር ሲታገል የነበረ ሰው ዛሬ የአዲሱ ምድብ ሕፃን ይሆናል። ቅብብሉ ደግሞ ይብሳል። በዓለም አቀፉ ሕግ የአራቱ ዋናተኞች ዕድሜ ተደምሮ ነው ምድብ የሚወጣው፦ ከ160 እስከ 199፣ ከ200 እስከ 239 እያለ። ቡድኑ ድምሩ 195 ላይ ቆሞ ወደ ላይኛው ምድብ መግባት ካማረው የሚፈልገው ሌላ ወጣት ሳይሆን አምስት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። ለሽበት እንዲህ ያለ ገበያ ሌላ የት ይገኛል?

ጃፓናዊቷ ሚዬኮ ናጋኦካ ዋና የጀመሩት ጉልበታቸው አስቸግሯቸው በ80ዎቹ ዕድሜያቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ100 ዓመታቸው፣ 1,500 ሜትር በጀርባ ዋና ብቻ ጨረሱ፤ አንድ ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ፈጀባቸው። ከእሳቸው በፊት በዚያ ዕድሜ ይህን ርቀት በውድድር የጨረሰ አልነበረም።

የጉልበቱ ነገር ቀላል ፊዚክስ ነው። ውኃው ደረት ላይ ሲደርስ እግር የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ሲሶ ገደማ ነው፤ አንገት ላይ ሲደርስ አንድ አሥረኛውን። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንገቱ ድረስ ገብቶ ሲራመድ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው 8 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ሦስቱ ማለዳዎች አብዛኛውን ይሸፍናሉ። ዋና የማይሠራው ሥራም አለ፤ ክብደት ስለሚያቀል አጥንትን እንደ እርምጃ አያጠነክርም። ስለዚህ ከገንዳው እስከ ቤት በእግር መሄድ አይጎዳም።

ገንዳን የአደባባይ መገናኛ በማድረግ ግን አይስላንድን የሚስተካከል የለም። ሕዝቧ 400,000 አይሞላም፤ የሕዝብ መዋኛዎቿ ከ100 በላይ ናቸው። መነሻው ሐዘን ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ዋና ባለማወቃቸው የብስ እየታያቸው ይሰጥሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 የዋና ትምህርት ለተማሪዎች ግዴታ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። ከመሬት የሚፈልቀው ሙቅ ውኃ ደግሞ ክረምት ከበጋ ደጅ መዋኘትን ቀላል አደረገው። ሰውነትን ራቁት ሆኖ በሳሙና ሳይታጠቡ መግባት ነውር ነው። ከዋናው ገንዳ ጎን በእነሱ ቋንቋ «ትኩስ ድስት» የሚባሉ ትንንሽ ክብ ገንዳዎች አሉ፤ ውኃቸው ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ነው። በረዶ ፀጉራቸው ላይ እየረገፈ፣ አንገታቸው ድረስ ተዘፍቀው፣ ሾፌሩም ዳኛውም ስለ አየር ጠባዩና ስለ ፖለቲካው ይከራከራሉ። ስልክ የለ፣ ኪስ የለ፣ የልብስ ማዕረግ የለ።

አዲስ አበባም ብትሆን ለሙቅ ውኃ እንግዳ አይደለችም፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው ፍል ውኃን ተከትላ ነው። ሂልተን ሆቴል በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራውን ገንዳውን የሚሞላው በዚሁ ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውኃ ነው፤ ከአዳማ አለፍ ብሎ ያለው ሶደሬም የፍል ውኃ በረከት ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ገንዳዎች የሆቴል ስለሆኑ መግቢያቸው ኪስ ይፈትናል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ሐበሻ ግን የከተማው ነዋሪ መሆኑን ካሳየ በከተማዋ የሕዝብ ገንዳዎች በነፃ ይዋኛል። ሹሩባ ትናንት የተሠራች ሴት ፀጉሯን ለክሎሪን አትሰጥም፤ ጠበብ ካለው ኮፍያ ሰፋ ያለውን ብትመርጥና ከመግባቷ በፊት ፀጉሯን በንጹሕ ውኃ ብታርስ ጉዳቱ ይቀንሳል። በዋና ልብስ በሰው ፊት መቆሙም ለጎልማሳ ቀላል አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ደግሞ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር ይሻላል።

የዋና ወዳጆች አንድ የጋራ ችግር አለባቸው፤ ደርቀው ሲገናኙ አይተዋወቁም። አንዱ በሱፍና በከረባት፣ ሌላዋ በነጠላ ሆነው የታክሲ ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይተያያሉ፤ ፊት መለስ ያደርጋሉ፤ እንደገና ይተያያሉ። በመጨረሻ እሷ እጇን አፏ ላይ ጭና ትስቃለች፦ «ውይ፣ ሁለተኛው መስመር! ያለ ኮፍያ እኮ አላወቅኩህም።»