የቁርጭምጭሚት ጅማት ቀዶ ሕክምና፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በሀገር ቤት እግሩ ወለም ያለውን ሰው ወጌሻ አሽቶ በሻሽ ያስርለት ነበር፤ ሂሳቡም እዚያው ያልቅ ነበር። እዚህ ግን አንድ የተበጠሰ ጅማት እስኪጠገን ድረስ ብዙ ወረቀት ይከማቻል። በፔታህ ቲክቫ ከምንረዳቸው ቤተሰቦች አንዳንዶቹ የክፍያ ደብዳቤውን ሳይከፍቱት ይዘውልን ይመጣሉ።

በመጀመሪያ ስለ ሚዩን እንናገር። ያለ ሐኪም ሀፍናያ ወደ ቤሊንሰንም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሚዩን የሄደ ሰው፣ ሆስፒታል ካልተኛ፣ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። አዲስ የአጥንት ስብራት ከተገኘበት ነፃ ነው። ችግሩ ጅማት አጥንት አለመሆኑ ነው። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ 10ኛ እትም የቁርጭምጭሚት ወለምታ ኤስ93.4፣ የጅማት መበጠስ ኤስ93.2 ሲሆን፣ የቁርጭምጭሚት ስብራት ግን በኤስ82 ሥር ይገባል። ሕመሙ እኩል ቢሆንም ሂሳቡ እኩል አይደለም። ስለዚህ ጊዜ ካለ አስቀድሞ ከኩፓት ሆሊም ሐኪም ሀፍናያ መቀበል ይበጃል።

ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ ኩፓው ለሆስፒታሉ «እኔ እከፍላለሁ» የሚልበት ወረቀት ቶፌስ 17 ይባላል። በላዩ ላይ የሆስፒታሉ ስም፣ የሕክምናው ዓይነትና ኮድ፣ የሚያገለግልበትም ቀን አለ። ቀኑ ካለፈ ወይም የተጻፈው ሕክምና ሐኪሙ ካዘዘው ጋር ካልገጠመ፣ ጸሐፊዋ «ራስዎ እከፍላለሁ ብለው ይፈርሙ» ልትል ትችላለች። አይፈርሙ፤ መጀመሪያ ወደ ኩፓው ይደውሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሚደረገው ምርመራና ለፊዚዮቴራፒም ሌላ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን የሥራ ላይ ጉዳት ነው። በጽዳት፣ በፋብሪካ ወይም በጥበቃ ሥራ ላይ፣ ወይም ወደ ሥራ ሲሄዱ የወደቁ ተቀጣሪዎች ከአሠሪያቸው ቶፌስ 250 መቀበል አለባቸው። ያን ጊዜ ሕክምናው በቢቱዋህ ሌኡሚ ሂሳብ ይሆናል። በቶፌስ 211 ደግሞ የጉዳት ደመወዝ ይጠየቃል፤ እሱም ከደመወዙ 75 በመቶ፣ ቢበዛ ለ91 ቀን ነው። ጥያቄው በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

አንዳንድ አሠሪ ግን «ቤት ወደቅሁ በል፣ እኔ እክስሃለሁ» ይላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን «ቤት ወደቀ» ብሎ ከጻፈ፣ በኋላ ቢቱዋህ ሌኡሚ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። እናት ወይም አባት ዕብራይስጥ ካስቸገራቸው ልጁ «በሥራ ላይ» የሚለው ቃል መጻፉን አይቶ ያረጋግጥላቸው።

ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም በዕረፍት ቀን ኳስ ሲጫወት ቢጎዳ የተማሪዎች የአደጋ ኢንሹራንስ አለ። ሽፋኑ ቀንና ሌሊት ነው። ወረቀቱን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የክፍያ ደብዳቤው ቀድሞ ደርሶ ከሆነ አይጣሉት፤ ሳይከፈል ሲቆይ ዕዳው ወደ ጠበቃ ሊሄድ ይችላል። የመልቀቂያውን ወረቀት አያይዘው ለኩፓው በጽሑፍ ይግባኝ ይበሉ። እምቢ ካለ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አቤቱታ ይቀበላል፤ ስልኩ ኮከብ 5400 ነው።