አዲሱ ዕቃና የቆላው ቤተ ሰብ

ሰው አዲስ ዕቃ ወደ ቤቱ ባስገባ ቍጥር ሁለት ነገር አብሮ ያስገባል፤ አንደኛው ዕቃው የሚሰጠው ጥቅም ነው፥ ሁለተኛው ስለ ዕቃው የሚነሣው ክርክር ነው። ጥቅሙን ሻጩ አስቀድሞ ይነግረናል፤ ክርክሩን ግን ከገዛ ቤታችን እናገኘዋለን። ሽማግሌው «ያለዚህ ኖረን የጐደለብን የለም» ይላል፤ ወጣቱ «ዘመኑ ቀደመን» ይላል፤ እናትም በሁለቱ መካከል ሆና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ታስባለች። ይህን የመሰለው ክርክር በየአገሩ ያለ ቢሆንም፥ በመተማና በምዕራብ ጐንደር ቆላ ግን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ክብደት አለው፤ በዚያ አገር ዕቃ የጌጥ ነገር ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሕይወት ነገር ነውና።

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፥ ከሱዳኗ ከገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የጠረፍ ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቈስለው የወደቁት በዚህች ምድር ስለ ሆነ፥ መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ምድሪቱ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ታበቅላለች፤ ከዱሯም በቤተ ክርስቲያናችን የሚታጠነው እጣን ይለቀማል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል። ዕቃም እንደ ሰው ከሁለት ወገን ይመጣባታል፤ ከጐንደር በኩል ይወርዳል፥ ከሱዳን በኩልም ይገባል።

የቀደሙት ሰዎች ምን አሉ?

አዲስ መሣሪያን የመውደድና የመፍራት ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የቋራው ተወላጅ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት፥ የአገራቸው ኋላ መቅረት አንገብግቧቸው ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በብዙ ሰው ጕልበት ተጐትቶ መቅደላ ወጣ፤ ነገር ግን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመከራው ቀን በደረሰ ጊዜ ንጉሡን አላዳናቸውም። ምኞታቸው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ሆኖም መሣሪያ ብቻውን፥ ሰውና ዕውቀት ካልተባበሩት፥ የሚያደርሰው እስከዚህ ድረስ መሆኑን ታሪኩ ያስረዳል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜም፥ ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱን አይተው «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው የተቃወሙ መኳንንትና ካህናት እንደ ነበሩ ይነገራል። ንጉሡ ግን ሥራውን ቀጠሉ፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባም 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የስልክ መሥመር ተዘረጋ። ዛሬ ይህን ታሪክ እየጠቀስን በአባቶቻችን እንስቃለን። ይሁን እንጂ ጥያቄያቸውን ቀረብ ብለን ብንመረምረው ከንቱ አልነበረም፤ «ይህ የማይታየው ተናጋሪ ማን ነው?» ማለታቸው ነበርና። በዛሬው ቀን «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምሥጢር ቍጥርዎን ይንገሩኝ» በሚል የማይታይ ሰው ድምፅ ተታሎ የዓመት ላቡን ያጣ ገበሬ፥ ያንኑ ጥያቄ አስቀድሞ ጠይቆ በሆነ ኖሮ ገንዘቡ በተረፈለት ነበር። እንግዲህ ስልኩን መቀበላችን መልካም ነው፤ ጥያቄውን መጣላችን ግን መልካም አልነበረም።

የብርሃን ነገር

በቆላው የሣር ቤት ለብዙ ዘመን ሲያበራ የኖረው ኩራዝ ነው። ላምባው ውድ ነው፤ ጢሱ ዐይን ይጐዳል፥ ነበልባሉም በደረቅ ወራት የሣር ጣሪያ ከያዘ መንደር ያጠፋል። ከዚያ በኋላ በድንጋይ የሚሠራው የእጅ ባትሪ መጣ። በእባብና በጊንጥ አገር ባትሪ ይዞ ከቤት መውጣት እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባም፤ ሌሊት እግሩ የሚያርፍበትን ያላየ ሰው ብዙ ጊዜ ተጎድቷል። አሁን ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን የሚሞላው ሶላር በየመንደሩ ይታያል።

ስለ መብራት ኀይል ከገጠሩ ሰው ዘንድ የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው፦ «ሽቦው በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ሰው አገር ሄደ፤ እኛ ግን በጨለማ ቀረን።» ከጐንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ሺህ ቮልት መሥመር በ2006 ዓ.ም. መመረቁ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ብርቱ ኀይል በማከፋፈያ ጣቢያ ኀይሉ ዝቅ እስኪል ድረስ ወደ ጎጆ ሊገባ አይችልም፤ እንደ ወንዝ ሙላት ነው፥ በቦይ ካልተከፈለ አትክልቱን ያጠፋል እንጂ አያጠጣም። ይህን ማወቅ ቅሬታውን ጨርሶ አያስቀርም፤ ግን ጥያቄውን ያስተካክለዋል። «ሽቦው ለምን አለፈ?» ከማለት ይልቅ «ማከፋፈያውና ወደ መንደራችን የሚገባው ቀጭን መሥመር መቼ ይሠራል?» ማለት ይገባናል።

ሶላር ላላችሁም አንድ ምክር አለን። የብርሃን መቀበያው ገበታ በፀሐይ መዋል አለበት፤ ባትሪው ግን በጥላ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድነት በጣሪያ ላይ ያሰጣቸዋል፤ የቆላው ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራልና፥ ባለቤቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ ያማርራል። ገበታውንም ከአቧራ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያሻል።

ዚርና ማቀዝቀዣ

ሱዳኖች ዚር የሚሉት ትልቁ የሸክላ ማሰሮ በጠረፉ አገር የታወቀ ነው። ውኃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ወደ ውጭ ይረጥባል፤ እርጥበቱም በነፋስ ሲተን ሙቀቱን ከማሰሮው ይዞ ይሄዳል፥ በውስጥ የቀረውም ውኃ ይቀዘቅዛል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ጥላና ነፋስ ብቻ ይበቃዋል። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ሥራው ይደክማል።

ገንዘብ ያገኘ ቤተ ሰብ ማቀዝቀዣ ሲገዛ ዚሩን ወደ ጓሮ ይጥለዋል። መብራት በጠፋ ቀን ግን ማቀዝቀዣው የተዘጋ ሣጥን ነው፤ የተጣለው ዚርም ይፈለጋል። ይህን ስንል ማቀዝቀዣን መንቀፋችን አይደለም። የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው መድኃኒቱ በቆላ ሙቀት እንዳይበላሽበት ቀዝቃዛ ስፍራ ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ መብራት በማይቋረጥበት ጊዜ ማቀዝቀዣ በሚገባ ይፈጽማል።

ከዚህ ሌላ እናቶች የሚያነሡት አንድ ነገር ልብ ይነካል። «ድሮ በግ ሲታረድ ሥጋው በዚህ ሙቀት አያድርምና ለጎረቤት እናካፍል ነበር፤ ዛሬ ግን ሥጋው ከማቀዝቀዣው ገብቶ ጎረቤት ሽታውን ብቻ ያገኛል» ይላሉ። አስተውሉ፤ ማንም ሰው ንፉግ ልሁን ብሎ ማቀዝቀዣ አልገዛም። ሙቀቱ ያስገድደን የነበረውን ልግስና፥ ሙቀቱ ከቤታችን በወጣ ጊዜ፥ እኛ በፈቃዳችን ልናደርገው ተተወልን ማለት ነው። ዕቃው ከእኛ የወሰደው ግዴታውን ነው፤ በጎነቱን ግን አልወሰደም፥ እኛው ካልጣልነው በቀር።

የአጎበርም ነገር እንዲሁ ነው። «ያፍናል፤ ይሞቃል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በዚያ አገር ሌሊት ይህን ማለታቸውም አያስደንቅም። ነገር ግን ወባን የምታመጣው ትንኝ በሌሊት ትነድፋለች፤ በሰሊጡ እርሻ ዳር በግራር ሥር የሚያድረውን ሠራተኛም የአሸዋ ዝንብ ነድፋ ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ ታስይዘዋለች፥ ይህም በጊዜው ካልታከመ ይገድላል። የአንድ ሌሊት ላብ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ቀን ሠራተኛ የሚያሠራ ባለ እርሻ ሁሉ፥ ከማጭዱ ጋር መድኃኒት የተነከረውን አጎበር ማቅረብ ቢችል ጽድቅም ትርፍም ያገኝበታል።

የእጅ ስልክ

በጠረፉ አገር እንደ እጅ ስልክ የሚወደድና የሚረገም ዕቃ የለም። ለአጨዳ የወረደ ወጣት ቀድሞ የወራት ደመወዙን በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ደጋ ሲመለስ፥ በመንገድ ተዘርፎ ባዶ እጁን እናቱ ፊት ይቆም ነበር። ቴሌብር የተባለው የስልክ ገንዘብ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን ገንዘቡን ከመተማ ሆኖ በአንድ ደቂቃ ለቤተ ሰቡ መላክ ይችላል፤ ለዚህም ውድ ስልክ አያስፈልገውም፥ ተራው ባለ ቍልፍ ስልክ ይበቃዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ሲገቡ፥ ከወዲያ ማዶ ልጅ የነበራት እናት ዐይኗ ከስልኳ አልተነቀለም።

ይኸው ስልክ ደግሞ በጐንደርና በመተማ መንገድ መንገደኛን የሚያግቱ ሰዎች የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቁበት ሆነ። አንዱ እናት የልጇን ደኅንነት የምትሰማበት ድምፅ፥ ለሌላይቱ የመርዶ ያህል የሚያስደነግጥ ድምፅ ሆነባት። እንዲሁም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ ንግዱንና ትምህርቱን በዚያ ላይ ብቻ የመሠረተ ሁሉ ተቸገረ። ከዚህ የምንማረው፥ የዘመድን ስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ፥ ለክፉ ቀን የሚሆን ጥቂት የእጅ ገንዘብም ከቤት አለማጥፋት የብልህ ሥራ መሆኑን ነው።

ስልክና ጸሎት

በአንድ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው በማለዳ ስልኩን ይዞ ቆሞ አዩትና፦

«ልጄ፥ በጸሎት ሰዓት ደግሞ ምን ትነካካለህ?» አሉት።

«እማማ፥ ውዳሴ ማርያም ነው የማነበው፤ መጽሐፉ እዚህ ውስጥ አለ።»

«መጽሐፉስ ይኑር፤ በመካከሉ ሰው ቢደውልልህ ማንን ታስቀድማለህ?»

ልጁ ጥቂት ዝም አለና «እዘጋዋለሁ» ብሎ መለሰ።

«እንግዲያውስ ሳትጀምር ዝጋው። ደግሞ የእኔ ዐይን ደክሟልና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ በየማለዳው ጥሪውን ዘግቶ ለሁለት ያነብባል። እኒህ እናት መሣሪያውን አላወገዙም፤ አልሰገዱለትምም፤ ሥርዓት ሰጡት። የግእዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ በመካተቱ፥ መጻሕፍቶቻችን ዛሬ በኪስ ውስጥ ይያዛሉ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ዜማን ከተቀረጸ ድምፅ ብቻ እማራለሁ የሚል ደቀ መዝሙር ይጠንቀቅ። መሣሪያው ሺህ ጊዜ ይደግምለታል፤ ነገር ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም፥ ስሕተቱንም አያርመውም። መምህሩ ግን ሰምተው ይመልሱታል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

በዚያው ቆላ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም መነኮሳት ዓለምን ትተው በዱር መካከል ይኖራሉ። የእነርሱ መንገድ ለሁላችን የተሰጠ አይደለም፤ ባለ ትዳር ሰው ዕቃ ይገዛል፥ ይሸጣል፥ ይጠቀምበታልም። ነገር ግን ሰው ያለ ብዙ ዕቃ መኖር እንደሚችል ኑሯቸው ያሳስበናል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት በቤተ ሰብ ተቀምጠን እነዚህን እንጠይቅ፦ ዕቃው ከቤታችን ማንን ያገለግላል? በተበላሸ ቀን የሚጠግነው ማን ነው? በጠፋ ቀንስ በምን እንተካዋለን? ለጎረቤታችን የምናደርገውን በጎ ነገር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መልሱ መልካም ከሆነ በምስጋና እንግዛው፤ ካልሆነም ሳያፍሩ መተው ይቻላል። የተጣለውን ዚር ግን ከጓሮ አንሥታችሁ አጥባችሁ በጥላ አኑሩት፤ መጋቢት በመጣ ጊዜ፥ መብራትም በጠፋ ጊዜ፥ ለእናንተም ለመንገደኛም ይበቃል።

ቤታችሁን እግዚአብሔር ይባርክ።