አሮጌው የመኪና መነጋገሪያ ራዲዮ በተራራ ላይ

ደኅና የሚሠራ ዕቃ ሳይሰበርና ሳያረጅ፥ በአንድ የመንግሥት ደንብ ብቻ ዋጋውን ሊያጣ እንደሚችል በንግድ ዓለም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካ አገር ይህ ዕጣ ሁለት ጊዜ የደረሰበት ሸቀጥ የመኪና መነጋገሪያ ራዲዮ ነው። ይህም ዘፈንና ወሬ የሚደመጥበት ሳይሆን፥ ታክሲዎች፥ ዕቃ አመላላሾች፥ የእሳት አደጋ መኪናዎችና ፖሊሶች ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር የሚነጋገሩበት መሣሪያ ነው። በቀድሞዎቹ ዓይነቶች ከባዱ ሣጥን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይታሰርና መናገሪያው ብቻ ከሹፌሩ አጠገብ ይንጠለጠል ነበር።

የኮነቲከት ክፍለ አገር ፖሊስ በ1940 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤፍ ኤም መነጋገር ከጀመረ ወዲህ፥ ሞቶሮላና ጄኔራል ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ ኩባንያዎች መሣሪያውን በብዛት ሠርተው ሸጠዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ተጠቃሚው በዝቶ የሞገዱ ቦታ ስለ ጠበበ፥ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን እያንዳንዱ ድርጅት በቀጠነ መስመር እንዲወሰን አዘዘ። ሁለተኛው ትእዛዝ በጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ሲጸና፥ በዋና ዋናዎቹ የሥራ ሞገዶች የመስመሩ ስፋት ከ25 ወደ 12.5 ኪሎኸርትዝ ዝቅ አለ። በሁለቱም ጊዜ ከነጤንነታቸው ከሥራ የወጡ ራዲዮኖች በርካሽ ተሸጡ፤ አንዳንዶቹም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሄዱ።

ይህን ዕቃ የሰበሰቡት አማተሮች ናቸው። አማተር ማለት ተፈትኖ የመንግሥት ፈቃድ የተቀበለ፥ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ዕውቀት ብሎ በራዲዮ የሚሠራ ሰው ነው። የ2013ቱ ደንብ የእነርሱን ሞገድ ስላልነካ፥ ለነጋዴው የማይረባው ሰፊ መስመር ለእነርሱ ልክ ሆነ።

ከዕቃውም የሚሠሩት ሪፒተር የሚባለውን ጣቢያ ነው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ራዲዮ ድምፁ ከኮረብታ ጀርባ አያልፍም። ሪፒተር ግን በከፍታ ላይ ተተክሎ ደካማውን ድምፅ በአንድ ሞገድ ይቀበልና በዚያው ቅጽበት በሌላ ሞገድ አጉልቶ ይለቀዋል። ለምሳሌ በ146.34 ሜጋኸርትዝ የሰማውን በ146.94 ይደግመዋል።

ሥራው ለመናገር የቀለለውን ያህል አይደለም። የመኪና ራዲዮ ሲናገር አይሰማም፥ ሲሰማም አይናገርም፤ ሪፒተር ግን ሁለቱን በአንድነት ማድረግ አለበት። ስለዚህ አንዳንዶች ሁለት ራዲዮኖች ገዝተው አንዱን ለመቀበያ፥ ሌላውን ለማሰራጫ ይመድባሉ። ሞቶሮላ ራሱ ጂ ኤም 300 የተባሉትን ሁለት ራዲዮኖች በአንድ ሣጥን አድርጎ በሪፒተርነት ሸጧል። በ1970ዎቹ የወጡት ማይኮርና ማስተር 2 ደግሞ ጽኑ አሠራርና ጥሩ መቀበያ ስላላቸው እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ። በእነዚህ የሞገዱን ልክ የሚወስነው ክሪስታል ተለውጦ ራዲዮው ወደ አማተሮቹ ሞገድ ይስተካከላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ማሰራጫው ከጎኑ ያለውን መቀበያ ማደንቆሩ ነው፤ በሠርግ ቤት ከከበሮ አጠገብ ቆሞ ሹክሹክታ ለማዳመጥ እንደ መሞከር ያለ ነገር ነው። በአንድ አንቴና ለመሥራት ዱፕሌክሰር የሚባለው፥ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም ስድስት የብረት በርሜሎች ያሉት ማጣሪያ በመካከል ይገባል። አዲስ ከተገዛ ዋጋው ከአሮጌው ራዲዮ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ራዲዮውን በርካሽ አገኘሁ ብሎ የተደሰተ ሰው ፊቱ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀትም አለ። የመኪናው ማሰራጫ የተሠራው ለአጭር ንግግር እንጂ ለሰዓታት ጭውውት አይደለም። በ100 ዋት እንዲሠራ የታሰበው ወደ 40 ዋት ወይም ከዚያ በታች ዝቅ ተደርጎ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ካልተደረገለት ይቃጠላል። ከዚህም ሌላ ጣቢያው በየ10 ደቂቃው መለያ ስሙን እንዲናገር፥ መናገሪያው ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ማሰራጫውን እንዲያጠፋ የሚቆጣጠር ትንሽ መሣሪያ ይጨመርበታል። በ12 ቮልት የሚሠራ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላል። በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደቡባዊ አሜሪካን መትቶ ቴሌፎን በተቋረጠ ጊዜ፥ የአማተሮች ራዲዮ የእርዳታ መልእክት አመላልሷል።

ነጋዴን ሊያስገርመው የሚችለው፥ ትናንት ስለ ጭነትና ስለ ሒሳብ ይነገርበት የነበረው ራዲዮ ዛሬ በዚህ ሥራው ገበያ እንዳይነሣበት በሕግ መከልከሉ ነው። በአሜሪካ ደንብ አማተር ለራሱ ወይም ለአሠሪው ትርፍ በሞገዱ ሊጠቀም አይችልም። ስለዚህ «በአማተር ሪፒተር መኪናዎችህን ታዛለህ» የሚል ሻጭ ቢገኝ አይታመንም።

በአገራችንም በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መለያ የሚታወቅ የአማተር ጣቢያ አለ። ከውጭ አገር ያገለገለ ራዲዮ የቀረበለት አስመጪ ከዋጋው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በየትኛው ሞገድ እንደሚሠራ፥ የመስመሩ ስፋት ስንት እንደሆነ፥ ክሪስታሉ ወይም የማስተካከያ ፕሮግራሙ ዛሬም የሚገኝ መሆኑን። የመገናኛ ባለሥልጣን ፈቃድም የሚጠየቀው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይሁን።