እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ፣ ከዚያስ?

ከኬንያና ከሶማሊያ ድንበር፣ ከዶሎ ኦዶ ተነስታ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ የደረሰች ሴት ስትመለስ ዘመድ ሁሉ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ይላታል። የመኝታውን ነገር ግን ማን ይጠይቃታል?

ለማኅፀን በር ካንሰር የሚሰጥ ጨረር ብልትን ሊያደርቅና ሊያጠብ ይችላል። እንቁላል የሚያመርተውንም አካል ስለሚጎዳ በ35 ዓመቷም ቢሆን የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ ስሜቷ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እሷ ሕመሙን ፈርታ ፊቷን ታዞራለች፤ ባል «ጠላችኝ» ይላል። ይጋባል ብሎ የሚሸሽም አይጠፋም፤ ካንሰሩ ግን በግንኙነት አይተላለፍም።

ለድርቀቱ ማለስለሻ፣ ለጥበቱ ቀስ በቀስ የሚያሰፋ መሣሪያ አለ። በእኔ እምነት ይህን ሐኪሙ፣ ባልየው ባለበት፣ ቀድሞ ማንሳት አለበት። ካላነሳው ጠይቁ። አማርኛ የማትችል ከሆነም አስተርጓሚዋ ልጇ አይሁን፤ እናት በልጇ ፊት ይህን አትናገርም።