ሙዚቃው ለምን ይቋረጣል?
የቤት ውስጥ ኔትዎርክ ችግርን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ በዶካ በኩል ገላባት የሚደርሰው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድንበሩን ሲሻገሩ መተማ ይገኛል። በዚህ መንገድ ሰሊጥና ማሽላ፣ ነጋዴና ስደተኛ ብቻ ሳይሆን ዘፈንም ሲመላለስ ኖሯል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በሱዳን፣ የመሐመድ ዋርዲ ድምፅም በኢትዮጵያ ቋንቋውን በማያውቁ አድማጮች ዘንድ ሳይቀር የተወደደ ነው። ቀድሞ ዘፈኑ የሚመጣው በሬድዮና በካሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በስልክ፣ በዋይፋይና በኢንተርኔት ነው።

የካሴት ጥፋት በዓይን ይታይ ነበር። ክሩ ከወጣ በእርሳስ ይጠቀለላል፤ ከተበጠሰም ይቀጠላል። የኔትዎርክ ጥፋት ግን አይታይም። በመሆኑም ዘፈኑ ሲቆም ሁላችንም «ኔትዎርክ የለም» ብለን እንተወዋለን። ይሁን እንጂ ይህ አንድ አባባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። በዚህ ጽሑፍ ችግሮቹን እንዴት ለይተን እንደምናውቅ እንመለከታለን። ነገሩ ለመዝናኛ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በመጨረሻ እንደምናየው ለትምህርትም ይጠቅማል።

1. የዘፈኑ ጉዞ

አንድ ዘፈን ጆሯችን እስኪደርስ በአራት ቦታዎች ያልፋል፦

ሀ/ ዘፈኑ የተከማቸበት ኮምፒዩተር፤
ለ/ ከዚያ እስከ ቤታችን ያለው የውጭ መስመር፤
ሐ/ በቤት ውስጥ ምልክቱን የሚያከፋፍለው ራውተርና ዋይፋዩ፤
መ/ ስልካችንና በውስጡ ያለው የሙዚቃ ፕሮግራም።

የዘፈኑ መጠንም ሊሰላ ይችላል። በመካከለኛ ጥራት የተቀዳ ዘፈን በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ይፈልጋል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ በሴኮንድ 16 ኪሎባይት ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን 240 ሴኮንድ ስለሆነ 240 × 16 = 3,840 ኪሎባይት፣ ማለትም ወደ 3.8 ሜጋባይት ይሆናል። በከፍተኛ ጥራት፣ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት ሲሆን ደግሞ 9.6 ሜጋባይት ይደርሳል። ስለሆነም መስመሩ ደካማ በሆነ ጊዜ ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ገብቶ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ነው።

ዘፈኑ በየቅጽበቱ እንዳይቆራረጥ ፕሮግራሙ ጥቂት አስቀድሞ ያጠራቅማል። ይህን በገዳሪፍ ካለው የውሃ ልማድ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ውሃ ሻጩ በአህያ ጋሪ በርሜል እየጫነ ይመጣል፤ ባለቤቲቱ ዚር በሚባለው የሸክላ ጋን ትሞላለች። አህያው ቢዘገይም ዚሩ ሙሉ ከሆነ ቤቱ አይጠማም። ከሚጠጣው ያነሰ ውሃ በየቀኑ ቢመጣ ግን ዚሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን አንድ ቀን ይደርቃል። ከዚህ የምንረዳው ዘፈኑ ጥቂት ተጫውቶ የሚቆም፣ ቆይቶም እንደገና የሚጀምር ከሆነ መስመሩ አለ፣ ነገር ግን ቀጭን ነው ማለት ነው። ጭራሽ የማይጀምር ከሆነ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል።

2. ዋናው ዘዴ፦ ለሁለት መክፈል

መንገዱን ለሁለት እንከፍላለን፤ የቤት ውስጥና የቤት ውጭ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ በዚያው ዋይፋይ ሌላ ስልክ እንሞክራለን። በሁለቱም ካልሠራ ችግሩ በራውተሩ ወይም በውጭው መስመር ነው። በአንዱ ብቻ ካልሠራ በዚያ ስልክ ነው። ከዚያ በዚያው ስልክ ሌላ ፕሮግራም እንከፍታለን። ሌላው ከሠራ ጥፋቱ የሙዚቃው ፕሮግራም ወይም የአገልግሎቱ ነው።

አንድ ደንብ መጠበቅ አለበት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ራውተሩን አጥፍተን፣ ስልኩን ቀይረን፣ ቦታም ለውጠን ዘፈኑ ቢመለስ መድኃኒቱ የትኛው እንደነበረ አናውቅም። ይህ በሳይንስ ቤተ ሙከራ የምናስተምረው ደንብ ነው።

3. ዋይፋይና የቤቱ አሠራር

ዋይፋይ የሬድዮ ሞገድ ነው። በብዛት የሚሠራበት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። የሞገዱን ርዝመት ለማግኘት የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ እናካፍላለን፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ በ5 ጊጋኸርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 5ቱ ብዙ ይጭናል፣ በግድግዳ ግን ቶሎ ይደክማል። ባለ 2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን ብሉቱዝም የሚጠቀመው በዚሁ ሰፈር ስለሆነ መጨናነቅ ይኖራል።

በድንበሩ አካባቢ የሣር ጎጆ፣ የጡብ ቤትና የቆርቆሮ ቤት ይገኛሉ። ደረቅ ሣር ሞገዱን ብዙም አያግደውም። ጡብና ጭቃ ያደክሙታል። ቆርቆሮ ግን ብረት ስለሆነ ሞገዱን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል፤ ራውተሩ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ግቢ ውስጥ ሙዚቃ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ውሃም ሞገዱን ይውጣል። ስለዚህ ራውተሩን ከዚሩ ወይም ከማቀዝቀዣው ጀርባ አለማስቀመጥ ይገባል። ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ በቤቱ መካከል ቢሆን ይመረጣል። ርቀትም ዋጋ አለው፤ በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ሩብ ይሆናል።

ሙቀቱን መርሳት አይገባም። በገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በጨርቅ የተሸፈነ ወይም ፀሐይ የሚያገኘው ራውተር ይግልና ሥራውን ያቆማል። በቀን እየተቋረጠ ማታ ደኅና የሚሆን ከሆነ አንዱ ተጠርጣሪ ሙቀት ነው።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ በመተማ በኩል ገዳሪፍ የሚደርሰው የ230 ኪሎቮልት መስመር በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም መብራት ለአንድ ሴኮንድ ብልጭ ብሎ ቢመለስ እንኳ ራውተሩ እንደገና ለመነሣት አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። በባትሪ የሚያሠራው ሰው በራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ አለበት፤ የ5 ቮልቱን በ12 ቮልት ማገናኘት መሣሪያውን ያቃጥላል።

4. የአድራሻ ችግር

በቤት ኔትዎርክ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ አይ.ፒ. የሚባል አድራሻ አለው። አከፋፋዩ ራውተሩ ነው። ለምሳሌ ያህል ኮምፒዩተሩ 192.168.1.10፣ ስልኩ 192.168.1.11 ቢሆኑ እንደ አንድ መንደር ሰዎች ይገናኛሉ። ኮምፒዩተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ግን ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ግንኙነቱን አቋርጦ እንደገና ማገናኘት፣ ካልሆነም ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል።

ዘፈኖቹ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ተከማችተው በስልክ የሚደመጡ ከሆነ አራት ነገሮችን እንመርምር። አንደኛ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ናቸውን? አንዱ በእንግዳ መስመር ከገባ አይተያዩም። ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተሩ መከላከያ፣ ፋየርዎል የሚባለው፣ የሙዚቃውን ፕሮግራም አግዶት ይሆን? ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቆጠብ አንቀላፍቶ ይሆን? አራተኛ፣ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል መስመር ዞሮ ይሆን? ስልኩ ሲጠይቀን በዋይፋዩ ላይ እንዲቆይ መፍቀድ አለብን።

5. ከቤት ውጭ ያለው መስመር

በቤት ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ ዘፈኑ ካልመጣ ምክንያቱ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ሱዳን ከዓለም ጋር የምትገናኝባቸው የባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚወጡት በፖርት ሱዳን ነው። የሞባይል ኩባንያዎቹ ዋና ማዕከሎች ደግሞ በካርቱም ነበሩ። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሦስቱ ትላልቅ የሞባይል ኩባንያዎች አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋረጠ። ከካርቱም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቀው ምሥራቁም አብሮ ዝም አለ። በወዲህኛው ድንበርም በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት አይረዳም። ችግሩ ከቤት ውጭ መሆኑን ማወቁ ግን ጠቃሚ ነው፤ መሣሪያ በከንቱ እንዳንፈታታና ገንዘባችንን ለጥገና እንዳናባክን ያደርገናልና።

6. መስመሩ ሲዘጋ ምን ይቀራል?

የቤት ኔትዎርክ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው። የውጭው መስመር ቢቆረጥም ራውተሩ ኃይል እስካገኘ ድረስ በቤቱ ያሉት መሣሪያዎች ይገናኛሉ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ዘፈን በሌላው ክፍል ይደመጣል።

ዘፈን ማስተላለፍ የቻለ መስመር ትምህርትም ያስተላልፋል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ገብተው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሲሰፍሩ፣ ከመካከላቸው ብዙ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። መጽሐፍ ባልበቃበት እንዲህ ባለ ቦታ የተቀዳ የመምህር ድምፅ ትልቅ ሀብት ነው።

እናስላው። የ40 ደቂቃ ትምህርት ለንግግር በሚበቃ ጥራት፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ቢቀዳ 9.6 ሜጋባይት ይሆናል። 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በሞባይል መስመር ቢያወርዱት 384 ሜጋባይት ይከፈልበታል። አንድ ጊዜ ወርዶ በክፍሉ ዋይፋይ ቢሰራጭ ግን የሚከፈለው የ9.6 ሜጋባይት ብቻ ነው። 40ውም በአንድ ጊዜ ቢያዳምጡ የሚያስፈልገው በሴኮንድ 1.28 ሜጋቢት ነው፤ ይህም ለተራ ራውተር ቀላል ነው። በስልክ የሚከፈት ዋይፋይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ጥቂት መሣሪያዎችን ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ከፍሎ በየተራ ማስደመጥ ይሻላል።

ይህ እንዲሆን ግን ዝግጅቱ መስመሩ ሳይዘጋ መጀመር አለበት። ትምህርቱም ሆነ ዘፈኑ አስቀድሞ ካልተከማቸ በተዘጋ ቀን የሚያከፋፍሉት ነገር አይኖርም። ውሃ ሻጩ በሚመጣበት ቀን ዚሩን መሙላት ይገባል።

የተግባር ሥራ ለተማሪዎች

1. በአንድ ክፍል ራውተር አስቀምጡ። በ2፣ በ4 እና በ8 ሜትር ርቀት የምልክቱን ጥንካሬ መዝግቡ። በመካከል የቆርቆሮ ወረቀት፣ ቀጥሎም ውሃ የሞላበት ጀሪካን አቁማችሁ ልዩነቱን አነጻጽሩ።
2. የ5 ደቂቃ ዘፈን በሴኮንድ 96 ኪሎቢት ቢቀዳ ስንት ሜጋባይት ይሆናል?
3. አንድ ዘፈን በሁለት ስልኮች ላይ አልጫወት አለ፤ በዚያው ኔትዎርክ ከቤት ኮምፒዩተር የሚመጣው ዘፈን ግን ይሰማል። ችግሩ በየትኛው የመንገዱ ክፍል ይመስላችኋል? ምክንያታችሁን አስረዱ።