«ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ አትንካው»

አይከል ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ጎርጎራ ላይ ጀልባ ሲበላሽ ግን የሚጠራው ቴስተር የያዘ ሰው ስለሆነ፣ ከመኪናው ጎን ለጎን የብዙ ጀልባዎችን ሆድ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት የተጠራሁበት አንድ ሥራ እስካሁን ያብከነክነኛል።

ጀልባው ከውጭ የገባ ፋይበርግላስ ነው፤ ጎብኚ ወደ ማን እንዳባ ገዳም ያመላልሳል። ዶፍ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ላይ ኋላው ሰጥሞ፣ ሞተሩ እስከ ግማሹ ጠልቆ ተገኘ። እኔ ስደርስ ባለቤቱ ፈርደው ጨርሰዋል፦ «ይሄ ልጅ የውሃ ማውጫውን ፓምፕ ነካክቶታል»። ልጁ የሚሉት ነጂውን ነው። ሽቦውን ከባትሪው ጀምሬ እስከ ፓምፑ ተከተልሁት። የፋብሪካው ማሰሪያ እንዳለ ነው፤ አንድም የተቆረጠ፣ አንድም በናስትሮ የተጠመጠመ ቦታ የለም። ውሃ ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያ ግን ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከዋናው ማጥፊያ በኋላ ነበር። ነጂው እንደ ደንቡ ማታ ዋናውን አጥፍቶ ሄደ፤ ፓምፑም አብሮ ጠፋ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። አዩ፣ አዩና «ፋብሪካ እንዲህ አይሳሳትም» አሉኝ። ነጂው ከሥራ ተሰናበተ።

ይህን ንግግር በሌላ ቃልም እሰማዋለሁ፦ «ኦሪጅናል ነው»፣ «የውጭ ሥራ ነው»፣ «እጅ አልገባበትም»። እምነቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከመኪና ነው። መኪና ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። በመተማ መንገድ ወደ እኔ ጋራዥ ከሚገቡት አይሱዙዎችና ባጃጆች አብዛኞቹን ያበላሸው ፋብሪካው አይደለም፤ በኋላ የተጨመረው ነው። ቴፑ፣ ተጨማሪው መብራት፣ ሪሌ የሌለው ጥሩንባ፣ ፊውዝ ሲቃጠል በቦታው የተጠቀለለው የሲጋራ ፓኬት አብለጭላጭ ወረቀት። የመኪና ሽቦ እንደ ያዛኪና ሱሚቶሞ ያሉ ድርጅቶች አንድ ጊዜ ነድፈው በመቶ ሺዎች የሚያመርቱት ነገር ነው፤ ጫፉን ማሽን ይጨምቀዋል፣ መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ይፈተሻል። ለተማሪዎቼም የፋብሪካ ሽቦ ዝም ብላችሁ አትቁረጡ እላለሁ።

ጀልባ ሌላ ነው። የመዝናኛ ጀልባ የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች ትንንሾች ናቸው። ሽቦውን ሰው ቀፎው ውስጥ ተንበርክኮ በእጁ ይዘረጋዋል፤ ንድፍ ካለም ሠራተኛው የተከተለው ይሁን አይሁን ቀፎው ከተዘጋ በኋላ አይታይም። ከአንድ ቦታ የመጡ ሁለት ጀልባዎች ከፍቼ ሽቦው የተለያየ ሆኖ አግኝቻለሁ። ገዢ የሚያየው ወንበሩን፣ ቀለሙንና የሞተሩን ጉልበት ነው። ገንዘብ ቁጠባው የት ላይ እንደሚያርፍ ንገሩኝ?

የሞያ ጓደኞቼም የሚረሱት አንድ ነገር አለ። መኪና ላይ አንድ ሽቦ እንዘረጋለን፣ መመለሻው ማሳው፣ ማለትም የመኪናው ብረት አካል ነው። ፋይበርግላስ ማሳ የለውም። ለእያንዳንዱ አምፖልና ፓምፕ የሚመለስ ሽቦም መዘርጋት አለበት፤ ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ከባትሪው 8 ሜትር የራቀ፣ 5 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ውሰዱ። ደርሶ መልስ 16 ሜትር ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ0.9 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ12 ቮልት 8 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የአሜሪካው የጀልባና የያት ምክር ቤት ደረጃ ለጀልባ ጉዞ መብራቶችና ቮልት መቀነስ ለማይገባባቸው ሌሎች መስመሮች የሚፈቅደው 3 በመቶ ነው። እዚያ ለመድረስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ፋብሪካው ቀጭኑን ሽቦ የሚመርጠው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ፓምፑም ስለሚዞር ማንም አይጠረጥርም። ድምፁን ሰምቶ «ይሠራል» ይባላል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የውሃ መጠን ብዙውን ጊዜ በ13.6 ቮልት፣ ያለ ቱቦና ያለ ከፍታ የተለካ መሆኑን ማን ያነባል? ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው 12 ቮልት ላይ ሆኖ፣ በቀጭን ሽቦ 11 የሚደርሰው ፓምፕ የካርቶኑን ያህል አያወጣም።

ፊውዝ ላይማ ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው፤ ያው የአሜሪካ ደረጃ በመሠረቱ 18 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይላል፣ ጥቂት የተወሰኑ ሁኔታዎችን ብቻ ለይቶ። ባትሪው ከኋላ ሆኖ ፊውዙ ከፊት መሪው ሥር የተደረደረበት ጀልባ ስንት አይቻለሁ! በመካከል ያለው ወፍራም ሽቦ ያለ ምንም ጠባቂ የቀፎውን ጠርዝ እየታከከ ይሄዳል። መሸፈኛው በመንቀጥቀጥ ሲላጥና ሽቦው ከመመለሻው ሽቦ ጋር ሲነካካ፣ ጤነኛ ባትሪ ከሺህ አምፔር በላይ ይለቃል። ከጎኑ የነዳጅ ጋን አለ።

«ጣናኮ ጨው የለውም» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የባሕር ውሃ የሚያደርሰው ጥፋት እዚህ የለም። ነገር ግን ከሆዱ ውሃ የማይደርቅ ጀልባ ውስጥ እርጥበቱ በሽቦው ጫፍ ገብቶ በክሮቹ መካከል ወደ ላይ ይሳባል። ሽፋኑን ስትልጡት መዳቡ ጠቁሯል። ለጀልባ የሚመከረው እያንዳንዱ ክር በቀጭን ነጭ ብረት የተለበጠ ሽቦ ነው፤ ባዶውን መዳብ ግን ስሙ በተከበረ አዲስ ጀልባ ላይም አገኘዋለሁ። መለየቱ ቀላል ነው፦ ጫፉን ላጡት፣ ነጭ ነው ወይስ ቀይ?

«ታዲያ ጀልባው በሚሠራበት አገር ሕግ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አለ። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ ስለ ጀልባ ኤሌክትሪክ የሚናገረው በቤንዚን ስለሚሠሩ ጀልባዎች ሲሆን፣ ሞተራቸው ከኋላ የሚንጠለጠለውን አይመለከትም። ጣና ላይ ከምናያቸው ትንንሽ ጀልባዎች አብዛኞቹ የትኞቹ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ከላይ ያነሳሁት የምክር ቤቱ ደረጃ ደግሞ በፈቃደኝነት የሚከበር ነው። የአውሮፓው የሲኢ ምልክትም እንደምናስበው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ጀልባውን ፈትቶ አይቶ የሚለጥፈው አይደለም። ለትንንሽ የሐይቅና የዳርቻ ጀልባዎች በአብዛኛው አምራቹ ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ራሱ ይለጥፈዋል። ደግሞም ምልክቱ ምድብ አለው፤ «ዲ» የሚባለው የመጨረሻው ምድብ የታሰበው ከ30 ሴንቲ ሜትር ለማያልፍ ማዕበል ነው፣ አልፎ አልፎ ግማሽ ሜትር ቢደርስ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣናን ያየ ሰው ይፍረድ።

የእኛንም ሰዎች አልምርም። ጀልባን እንደ መኪና፣ ባሰም ጊዜ እንደ ቤት የሚሠሩ አሉ። የግድግዳ ነጠላ ሽቦ ያስገባሉ፤ በመንቀጥቀጥ ይሰበራል። ሁለት ጫፍ አዙረው በናስትሮ ጠምጥመው ሆዱ ውስጥ ይተዉታል። እንዲህ ያለው ሥራ ነው ባለቤቶቹን «አትንካው» ያሰኛቸው፤ ብፈርድባቸውም ፍርሃታቸው ከባዶ አልመጣም። ነገር ግን የሰፈር ሥራ መጥፎ መሆኑ የፋብሪካውን ሥራ ጥሩ አያደርገውም። ጀልባው ውስጥ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ይኖራሉም።

እኔ አንድ ጀልባ ሲመጣልኝ አዲስ ነው አሮጌ ነው አልልም። ባትሪው ላይ ፊውዝ አስገባለሁ። ተንሳፋፊውን ማብሪያ ከዋናው ማጥፊያ በፊት፣ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው አገናኘዋለሁ፤ ዋናው ቢጠፋም ፓምፑ ይነሳል። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ርቀቱን ለክቼ እቀይረዋለሁ። መጋጠሚያዎቹን ከውሃው በላይ አነሳቸዋለሁ። ጊዜውም ወጪውም ከሞተር ጥገና ጋር አይወዳደርም። ክርክሩ ግን ከሥራው ይረዝማል።

ስለዚህ ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ጎርጎራና ባሕር ዳር ላይ ሰው የምትጭኑ፦ ሻጩን የሽቦውን ንድፍ ጠይቁት። ከዚያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና ተንሳፋፊውን በእጃችሁ ከፍ አድርጉት። ፓምፑ ካልተነሳ፣ ንድፉም ከሌለ፣ ሽቦው እንደገና የሚዘረጋበትን ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።