ለቁልቁለት የሚታሰር ተጎታች

ከጋሸና ወደ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ 3,000 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ወደ ተከዜ መነሻ ሸለቆዎች ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ላሊበላ ከተማ፣ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ መንገድ ከመኪናው ኋላ ሸክም አስሮ የሚሄድ ሰው ስለ ዳገቱ ብዙ ያስባል። እኔ ግን ስለ ቁልቁለቱ ቢያስብ እመርጣለሁ። ሞተሩ ዳገቱን ካልቻለ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬኑ ቁልቁለቱን ካልቻለ ግን የሚያቆመው ነገር የለም።

በአገራችን «ተሳቢ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የከባድ መኪናው ነው። ፊያት 682 ኤን 3ን፣ ሹፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉትን፣ ከነተሳቢው ዳገት ሲያቃስት የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ታናሽ ወንድሙን ነው፤ ፒካፕ ወይም ላንድክሩዘር የሚጎትተውን፣ ሁለት ጎማ ብቻ ያለውን ትንሽ ተጎታች። ጀኔሬተር፣ የውሃ ታንከር፣ የግንባታ ዕቃ ይጭናል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ላሊበላ ለረጅም ጊዜ መብራት ተቋርጦባት ስለነበር፣ ካስፈለገበት ቦታ ድረስ ተጎትቶ የሚሄድ ጀኔሬተር ጥቅሙን ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያሻም።

አሠራሩንም ቢሆን የላስታ ገበሬ ያውቀዋል። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በምስማር አይመታም፤ በምራን ይታሰራል። በሬዎቹ ማሳው ጫፍ ላይ ሲዞሩ፣ አንዱ ከድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ዝቅ ሲል፣ ምራኑ እሺ ይላቸዋል፤ ግን አይለቅም። የመኪናው መጎተቻ ኳስ ሥራው ይኸው ነው። በብዛት 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብረት ሆኖ የተጎታቹ አፍ ከላይ ይገጥመውና ይቆለፍበታል። ተጎታቹ ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም ይዞራል፤ መላቀቅ ግን የለም። የኳሱና የአፉ መጠን እኩል ካልሆነ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለያይ እንኳ፣ ጉድጓድ ሲመታ ሊወጣ ይችላል።

ኳሱ ግን የሚጠነክረው የታሰረበትን ያህል ነው። አንድ ጊዜ ያየሁት መጎተቻ ከፓራውልቱ ብረት ጋር ተበይዶ ነበር። ሲያዩት ያምራል፤ ቀለም ተቀብቷል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ከሥር ስንመለከተው ግን ብየዳው ዳር ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ዙሪያዋን ዝገት ይዟት፣ ተጋድማለች። ፓራውልት ግጭት ሊችል እንጂ ሊጎትት አልተሠራም። መጎተቻ የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው፤ ለዚያውም የመኪናው ፋብሪካ ራሱ በተዋቸው ቀዳዳዎች፣ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር በተቀረጸባቸው ብሎኖች። ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃቸው ነው፤ ቁጥር የሌለውን ብሎን ለአጥር ተዉት። መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ የተገናኘ ብረት ሲሠራ ይላላልና።

ከመጎተቻው ጎን ሁለት ሰንሰለት ይታሰራል። ብዙ ሰው ቀጥ አድርጎ ያስረዋል። ሰንሰለቶቹ ግን ከተጎታቹ አንገት ሥር በመስቀል ተጣምረው ማለፍ አለባቸው፤ አፉ ከኳሱ ቢወጣ አንገቱ መስቀሉ ላይ ያርፋል፣ መሬት አይወጋም።

አሁን ወደ መብራቱ እንሂድ። ብዙ ሰው የሚቸኩልበት እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ሶኬት ሰባት ቀዳዳ አለው። በአውሮፓው ሥርዓት ቢጫው ሽቦ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ ጥቁሩ የግራ የኋላ መብራት፣ ቡናማው የቀኝ፣ ቀዩ የፍሬን መብራት፣ ሰማያዊው የኋላ የጉም መብራት፣ ነጩ ደግሞ ነጌቲቭ ነው። የአሜሪካው አወቃቀር ይለያል። ስለዚህ በእጅ የገባ አሮጌ ተጎታች ላይ የሽቦውን ቀለም ማመን አይገባም፤ አንድ ሰው ፍሬን እየረገጠ፣ ፍሬቻ እየሰጠ፣ ሌላው በመሞከሪያ አምፑል ሽቦውን አንድ በአንድ ይፈትሽ። ከከባድ መኪና የመጣ ተጎታች ከሆነ አምፑሎቹ ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ ባለ 12 ቮልቱ መኪና ላይ ደብዝዘው ይቀራሉ።

ከሁሉ በላይ ነጩን ተጠንቀቁ። ሌሎቹ ስድስት ሽቦዎች የሚያመጡት ኤሌትሪክ የሚመለሰው በእሱ ብቻ ነው። የታሰረባት ብሎን ከዛገች ኤሌትሪኩ ሌላ መመለሻ ፍለጋ በሌሎቹ አምፑሎች ውስጥ ይዞራል፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይቅበዘበዛል፣ ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላ መብራቱ አብሮ ይጠቅሳል። ይህን ያየ ሰው አምፑል ይቀይራል፣ ፊውዝ ይቀይራል፣ መላው ይጠፋበታል። መድኃኒቱ ግን ዝገቱንና ቀለሙን ፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰርና ቅባት መቀባት ነው። ኮምፒውተር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ሌላ ጥፋት ያመጣል፤ ለመኪናው የተሠራውን ማገናኛ መግዛት ይሻላል። በማናቸውም ላይ ሥራ ሳይጀመር የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። አንድ ቶን የሚመዝን ተጎታች፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ፣ መኪናውን ከኋላ በ100 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋዋል። ግፊቱ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ አያቋርጥም፤ ፍሬን ብቻውን ከያዘው ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ግድ ነው። ጭነቱም ከአክሰሉ ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ፤ ኳሱ ላይ ከተጎታቹ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይረፍ፣ መኪናው የተፈቀደለትን ሳያልፍ። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተጎታቹ እንደ ዓሣ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። በዳገቱም ቢሆን በላሊበላ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ የዚያኑ ያህል ይቀንሳል።

የገና በዓል፣ ታኅሣሥ 29፣ ሲቃረብ የላሊበላ መንገድ ነጭ በለበሱ እግረኞች ይሞላል፤ ብዙዎቹ በሌሊት የሚጓዙ ናቸው። የፍሬን መብራት የሌለው ተጎታች ከኋላው ለሚመጣው ሹፌር ጨለማ ነው፤ ያ ሹፌር በድንገት ሲያጥፍ ከዳር የሚያገኘው ተሳላሚውን ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ጋሸና ላይ ቁሙ። አንድ ሰው ከኋላ ይቁምላችሁ፤ ፍሬን ርገጡ፣ ፍሬቻ ስጡ፣ ሰንሰለቱን በእጃችሁ ጎትቱ፣ ብሎኑን በቁልፍ ሞክሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።